የማሻሻያ ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው? ሐሰተኛ ቺፖችን ከአገልግሎት ውጭ ስላደረገው ድራይቨር



 የዛሬው ንግግሬ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ አንድ ቺፕን የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ሦስት ከባድ ጥያቄዎችን ያነሣል። መብቱ የተደፈረበት አምራች መብቱን በራሱ እጅ እስከ ምን ድረስ ሊያስከብር ይችላል? ሳያውቅ ሐሰተኛ ዕቃ የገዛ ሰው ምን ጥበቃ ይገባዋል? ኮምፒውተራችን በራሱ ጊዜ ማሻሻያ እንዲቀበል ስንፈቅድስ ምን ያህል ሥልጣን አሳልፈን እየሰጠን ነው?

ጥያቄዎቹን ያስነሣው ክስተት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎችና ተማሪዎች እንግዳ ነገር ገጠማቸው። እስከ ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረ መሣሪያቸውን ዊንዶውስ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት ኮምፒውተሩ ሊያውቀው አልቻለም። ነቅለው በሌላ ኮምፒውተር ሞከሩት፤ ያም አላወቀውም። ሊኑክስ በተጫነበት ሞከሩት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። የተቃጠለ ነገር የለም፤ የተሰበረ ነገር የለም። የተለወጠው በቺፑ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩን የለወጠው ደግሞ ቫይረስ ሳይሆን፣ በዊንዶውስ የማሻሻያ አገልግሎት በኩል በሕጋዊ መንገድ የደረሰ ድራይቨር ነበር።

የቺፑ ሥራ

ድርጊቱን ለመመዘን በቅድሚያ ቺፑ ምን እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል። በቤተ ሙከራ ያሉ የመለኪያ መሣሪያዎች፣ በፋብሪካ ያሉ መቆጣጠሪያዎች፣ የጂፒኤስ መቀበያዎችና ተማሪዎች የሚለማመዱባቸው የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች በአብዛኛው መረጃ የሚለዋወጡት ተከታታይ በሚባለው ቀላል ዘዴ ነው፤ ቢቶቹ አንድ በአንድ፣ በአንድ ሽቦ ላይ ተራቸውን ጠብቀው ይጓዛሉ። የዛሬ ኮምፒውተር ግን የሚናገረው በዩኤስቢ ነው፤ ዩኤስቢ ደግሞ እጅግ የተወሳሰበ ሥርዓት አለው። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከአስተርጓሚዎቹ አንዱና ስመ ጥሩ ኤፍቲ232አር የተባለው ቺፕ ነው። አምራቹም እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተውና መቀመጫውን በስኮትላንድ፣ በግላስጎ ከተማ ያደረገው ኤፍቲዲአይ ነው። ዱሚላኖቬና ናኖ የተባሉትን የአርዱይኖ ቦርዶች የሠራ ሰው ከዚህ ቺፕ ጋር ሳይተዋወቅ አልቀረም።

ማንኛውም የዩኤስቢ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ሁለት ቁጥሮችን በመንገር ራሱን ያስተዋውቃል። የመጀመሪያው የአምራቹ መለያ ነው፤ ይህን ቁጥር የዩኤስቢን ደረጃ የሚያስተዳድረው ማኅበር ለአምራቾች በክፍያ ይሰጣል። ሁለተኛው የምርቱ መለያ ሲሆን አምራቹ ራሱ ይመድበዋል። በአሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር የኤፍቲዲአይ የአምራች መለያ 0403፣ የኤፍቲ232አር የምርት መለያ ደግሞ 6001 ነው። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አይቶ የትኛውን ድራይቨር ማሠማራት እንዳለበት ይወስናል። ቁጥሮቹ የመሣሪያው ስምና የአባት ስም ናቸው ብንል ያስኬዳል።

ድራይቨሩን የሚጽፈው፣ የሚፈትነውና በአዳዲስ የዊንዶውስ እትሞች እንዲሠራ የሚያድሰው ኤፍቲዲአይ ነው። ለተጠቃሚው የሚሰጠው በነፃ ነው፤ ወጪውን የሚመልሰው ከቺፑ ሽያጭ ነው። ይህን ነጥብ እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፤ የኩባንያው አቤቱታ የሚነሣው ከዚህ ነውና።

ሐሰተኛው ቺፕ

በገበያችን «ፎርጅድ» የምንለው ዕቃ በቺፕ ዓለምም አለ። ነገር ግን ተወዳዳሪ ምርትና ሐሰተኛ ምርት ሊምታቱብን አይገባም። ለምሳሌ በርካሽ ቦርዶች ላይ በብዛት የምናገኘው ሲኤች340 የተባለው ቻይና ሠራሽ ቺፕ ተመሳሳይ የማስተርጎም ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም የራሱ ስም፣ የራሱ የአምራች መለያና የራሱ ድራይቨር አለው። ይህ ሕጋዊ ውድድር ነው። ሐሰተኛው ግን በጀርባው ላይ የኤፍቲዲአይን ስም አትሞ፣ ለኮምፒውተሩም 0403 እና 6001 ነኝ ብሎ ተናግሮ፣ ኤፍቲዲአይ በገንዘቡ የጻፈውን ድራይቨር የሚጠቀመው ነው። የሰረቀው ስምን ብቻ ሳይሆን ድካምንም ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ ዜፕቶባርስ በሚል ስም የሚታወቁ የቺፕ መርማሪዎች አንድ እውነተኛና አንድ ሐሰተኛ ኤፍቲ232አር ወስደው ሽፋናቸውን በማስወገድ ውስጣቸውን በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሡ። በውጭ መንታ የሚመስሉት ሁለቱ ቺፖች በውስጣቸው ፈጽሞ የተለያዩ ነበሩ። ሐሰተኛው የእውነተኛውን ንድፍ የቀዳ አልነበረም፤ የእውነተኛውን ጠባይ በሶፍትዌር የሚያስመስል አንድ ማይክሮኮንትሮለር ነበር። ከአንድ ነገር በቀር ሥራውን አሳምሮ ይሠራል፤ ያ አንድ ነገርም በኋላ መታወቂያው ሆነ።

እንዲህ ያለ ቺፕ ወደ ተጠቃሚው የሚደርሰው በረጅም ሰንሰለት ነው። ከሠሪው ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ቦርድ ገጣጣሚ፣ ከገጣጣሚው ወደ አከፋፋይ፣ ከዚያም ወደ ሱቅ ይሄዳል። ብዙ ሀብትና ጥብቅ ቁጥጥር ያላቸው ተቋማት እንኳ ከዚህ አላመለጡም። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 ባወጣው ሪፖርት በመከላከያ አቅርቦት ውስጥ ወደ 1,800 የሚጠጉ የተጠረጠሩ ጉዳዮችን መዝግቧል፤ በጉዳዮቹ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ድምር ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። የጦር አውሮፕላን የሚሠሩ ድርጅቶች ሊለዩት ያልቻሉትን፣ አንድ ተማሪ ወይም አንድ የመሣሪያ ጠጋኝ በዓይኑ አይቶ ይለየዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ድራይቨሩ ያደረገው

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። ኤፍቲ232አር በውስጡ ኃይል ሲቋረጥም የማትጠፋ አነስተኛ ማስታወሻ አለችው፤ ኢኢፕሮም ትባላለች። በውስጧ እያንዳንዳቸው 16 ቢት የሚይዙ 64 ቦታዎች አሉ። በቁጥር 2 ላይ የምርት መለያው ይቀመጣል። በመጨረሻው ቦታ ላይ ደግሞ የማረጋገጫ ድምር አለ፤ ይህም ከሌሎቹ ቦታዎች ይዘት ጋር ካልተስማማ ማስታወሻው ተበላሽቷል ማለት ነው።

እውነተኛው ቺፕ በማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው። በተጋማሽ ቁጥር ቦታ ላይ ጻፍ ቢሉት ትእዛዙን ይቀበላል፤ ነገር ግን የተከታዩ ኢተጋማሽ ቦታ ትእዛዝ እስኪደርሰው ድረስ ጽሕፈቱን አይፈጽምም። ሐሰተኛው ግን ይህን ጠባይ አላስመሰለም፤ የታዘዘውን ወዲያውኑ ይጽፋል። ከላይ «አንድ ነገር» ያልኳችሁ ይህ ነው።

2.12.00 የተባለው የድራይቨር እትም በዚህ ልዩነት ተጠቀመ። በቁጥር 2 ላይ ዜሮ እንዲጻፍ ያዛል፤ በቁጥር 62 ላይም የማረጋገጫው ድምር ሳይፋለስ እንዲቀር ተሰልቶ የተመረጠ ቁጥር እንዲጻፍ ያዛል። ሁለቱም ቦታዎች ተጋማሽ ናቸው፤ ተከታይ ትእዛዝም አይመጣም። ስለዚህ በእውነተኛው ቺፕ ላይ ምንም አይለወጥም። በሐሰተኛው ላይ ግን የምርት መለያው 0000 ይሆናል፤ ድምሩም ስለተስማማ ቺፑ አዲሱን ማንነት እንደ ትክክለኛ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ራሱን በ0000 ያስተዋውቃል፤ ይህን ቁጥር የሚያውቅ ድራይቨር ስለሌለም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ባዳ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ይህ በስሕተት የተፈጠረ አይደለም። ድምሩ እንዲገጥም በቁጥር 62 ላይ የተደረገው ስሌት ሐሳብ እንደ ነበረበት ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የማይመለስ አልነበረም። ነገሩን የተረዱ ሰዎች አሮጌውን ድራይቨር ወይም ሊኑክስን በመጠቀም ቁጥሩን ወደ 6001 መለሱት። የሊኑክስ ከርነል አዘጋጆችም 0000ን ከሚያውቋቸው መለያዎች ጋር ጨመሩት፤ በኮዱም ውስጥ ምክንያቱን በግልጽ ጻፉ። ነገር ግን ይህን ማድረግ የሚችለው ችግሩ ምን እንደ ሆነ ያወቀ ብቻ ነው። ሌላው መሣሪያውን እንደ ሞተ ቆጥሮ ጣለው።

ተቃውሞው ሲበረታ ድራይቨሩ በቀናት ውስጥ ከዊንዶውስ የማሻሻያ አገልግሎት ተነሣ። ኩባንያውም ሐሰተኞችን መከላከሉን እንደሚቀጥል፣ ዘዴው ግን የቺፑን ይዘት የማይነካ እንደሚሆን አስታወቀ።

ሦስት ዓይነት ምላሽ

ሐሰተኛ ቺፕ ያገኘ ድራይቨር ምን ሊያደርግ ይችላል? ታሪኩ ሦስት ምሳሌዎችን ይሰጠናል።

የመጀመሪያው እምቢ ማለት ነው። ፒኤል2303 የተባለውን ተመሳሳይ ቺፕ የሚሠራው የታይዋኑ ፕሮሊፊክ ሐሰተኛ ሲያገኝ መሣሪያውን የማያስነሣ ድራይቨር አውጥቷል። ዊንዶውስ መሣሪያው ሊጀምር አልቻለም የሚል መልእክት ያሳያል፤ ቺፑ ግን እንዳለ ይቀራል፤ በአሮጌ ድራይቨር ወይም በሌላ ሥርዓት ይሠራል። ይህም ቢሆን እንከን አለው። ይኸው ኩባንያ ማምረቱን ላቆመባቸው ለራሱ እውነተኛ አሮጌ ቺፖችም በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ እትሞች ድጋፉን ስለነፈገ፣ በሐቅ የገዛውም ሐሰተኛውን ከገዛው ጋር አብሮ ደጅ ቀርቷል።

ሁለተኛው እስካሁን ያየነው፣ በሌላው መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ማንነቱን መለወጥ ነው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ታየ። የኤፍቲዲአይ አዲሱ ድራይቨር የቺፑን ማስታወሻ አልነካም፤ ነገር ግን ሐሰተኛ ሲያገኝ በመረጃው ፍሰት ውስጥ «እውነተኛ ያልሆነ መሣሪያ ተገኝቷል» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያስገባ ነበር። ይህ ከሁለተኛው የለዘበ ይመስላል። ለአንድ አፍታ ግን በመስመሩ ጫፍ ያለውን ሥርዓት አስቡ። የሙቀት መጠን ቁጥር የሚጠብቅ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ፊደላት ይደርሱታል፤ በሚገባ የተጻፈ ፕሮግራም ስሕተቱን ይለያል፤ ያልተጠነቀቀ ግን ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። መሣሪያን ዝም ማሰኘት አንድ ነገር ነው፤ ያላለውን እንዲናገር ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ሚዛኑ

የኩባንያውን ወገን በቅንነት ላቅርብ። ሐሰተኛው ቺፕ ሲበላሽ የሚወቀሰው ስሙ የታተመበት ነው። የድራይቨር ወጪውን የሚሸፍነው እሱ ነው። ሐሰተኛውን የሠራው ሰው በሌላ አገር፣ በማይታወቅ ስም ተሸሽጎ ስለሚኖር በፍርድ ቤት ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው። እውነተኛውን ቺፕ በሙሉ ዋጋ የገዛ ሐቀኛ አምራችም በርካሹ ሐሰተኛ ይዋረዳል። ስለዚህ ኩባንያው «ድራይቨሬ ለእኔ ቺፕ ብቻ ያገልግል» ቢል ሙሉ መብቱ ነው። ለማያውቁት እንግዳ ቤትን አለመክፈት በደል አይደለም።

ነገር ግን በር አለመክፈትና ወደ ሌላው ቤት ገብቶ ዕቃ ማበላሸት አንድ አይደሉም። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ አገልግሎትን መንፈግ የባለመብቱ ድርሻ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ያለን ንብረት መለወጥ ግን የማንም የግል ድርሻ አይደለም። የሐሰተኛ ዕቃ መያዝና መወገድ በሕግ የሚፈጸመው በጉምሩክና በፍርድ ቤት ነው፤ ባለንብረቱ የመሰማት ዕድል ያገኛል፤ ውሳኔውም ይግባኝ አለው። ድራይቨሩ ግን ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ፈጻሚም ሆኖ በአንዲት ቅጽበት ይወስናል።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ቅጣቱ በማን ላይ እንዳረፈ ነው። ሐሰተኛውን የሠራው ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል። ደላላውም ትርፉን ቆጥሯል። የተጎዳው ከጥፋቱ በጣም የራቀው የመጨረሻው ገዢ ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

ኩባንያው በፈቃድ ውሉ ላይ እውነተኛ ባልሆነ ክፍል ላይ ድራይቨሩን መጠቀም ክፍሉን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ሆኖም ድራይቨሩ በራሱ ጊዜ በማሻሻያ በኩል ሲጫን ተጠቃሚው ውሉን አላየውም፤ ቢያየውም መሣሪያው ሐሰተኛ ቺፕ እንደያዘ አያውቅም። ያላወቀውን ሰው ፈቅዷል ማለት ይቻላልን? የሕግ ተማሪዎቻችን ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ ነው። የብሪታንያው የ1990 የኮምፒውተር አላግባብ አጠቃቀም ሕግ ሆነ የእኛ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሚፈጸምን ጉዳት የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሏቸው፤ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረውም «ፈቃድ» በምትለው ቃል ላይ ነው።

የመጨረሻው ሚዛን እምነት ነው። የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ሁሉ ማሻሻያ ሳትዘገዩ ጫኑ እያሉ ይመክራሉ፤ ምክሩም ትክክል ነው። ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በዚያ መንገድ ነውና። ነገር ግን ይህ መንገድ አንድ ጊዜ ለቅጣት ከዋለ፣ የተቃጠለ ሰው ማሻሻያውን ይዘጋዋል። ሲዘጋው ከሐሰተኛ ቺፕ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የደኅንነት ማሻሻያም ይቀርበታል። አንድ ኩባንያ የራሱን መብት ለማስከበር ያወጣው የሁሉም የጋራ ሀብት የሆነውን እምነት ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ መሣሪያ ትሠራላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ለተቋማት ግዢ ታማክራላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ድራይቨር ትጽፋላችሁ።

የምትሠሩ፣ ቺፑን ከአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ግዙ። ርካሽ መግዛት ግድ ከሆነም በራሱ ስም የሚሸጥ ተወዳዳሪ ምርት ከሐሰተኛ ስመ ጥር ይሻላል። በተቻለ መጠንም ዩኤስቢን በውስጣቸው የያዙና ለመገናኛ መሣሪያዎች በተደነገገው የጋራ ሥርዓት የሚሠሩ ማይክሮኮንትሮለሮችን ምረጡ፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ እነዚህ የአምራች ድራይቨር ሳያስፈልጋቸው ይሠራሉ፤ የአንድ ኩባንያ ውሳኔም አያሰናክላቸውም።

የምታማክሩ፣ ለሕይወት ወይም ለምርት ወሳኝ ከሆነ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር ማሻሻያ ከመቀበሉ በፊት በሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ላይ እንዲፈተን አድርጉ። የሚሠራውን የድራይቨር እትም ቅጂ አስቀምጡ። የመሣሪያዎቻችሁን መለያ ቁጥሮች መዝግቡ፤ አንድ ቀን መሣሪያው 0000 ነኝ ቢላችሁ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ድራይቨር የምትጽፉ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው የኤሲኤም የሥነ ምግባር ደንብ በቁጥር 1.2 ጉዳት ከማድረስ እንድንቆጠብ ያዝዛል። ሐሰተኛ ስታገኙ በግልጽ ቋንቋ፣ በማያ ገጹ ላይ፣ ለባለቤቱ ንገሩት። አገልግሎታችሁን ልትነፍጉት ትችላላችሁ። እጃችሁን ግን በመሣሪያው ውስጥ አታስገቡ። ከመሣሪያው ወዲያ ጫፍ ምን እንዳለ አታውቁምና፤ የተማሪ ሰርቶ ማሳያ ሊሆን ይችላል፤ የሕመምተኛ መከታተያም ሊሆን ይችላል።

ሐሰትን መለየት መቻል እውቀት ነው። በለዩት ሐሰት ላይ ምን ማድረግ እንደሚገባ መወሰን ግን ፍትሕን ይጠይቃል። ይህ ፋኩልቲ የመጀመሪያውን እንደሚያስተምር ሁሉ ስለ ሁለተኛውም እንዲወያይ በትሕትና እየጠየቅሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።